ሰለምቴዎችና ደረጃ በደረጃ መማር በእስልምና

ሰለምቴ የሚባለው ከሌላ እምነት ወይም ከእምነት የለሽነት ወደ እስልምና የገባ ሰው ነው። አገባቡም ከአላህ በቀር በሐቅ የሚመለክ አምላክ እንደሌለና ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) የአላህ መልእክተኛ መሆናቸውን አምኖ በመመስከር፣ ማለትም ሸሃዳ በመያዝ ነው። ምስክርነቱ በአንድ ትንፋሽ የሚያልቅ ሲሆን ከዚያ የሚቀጥለው ውዱእ (ከሶላት በፊት የሚደረግ መታጠብ)፣ ሶላት፣ ጾም፣ ዘካ (ግዴታ ምጽዋት)፣ የሐላልና የሐራም (የተፈቀደና የተከለከለ) ዝርዝር ግን ጊዜ ይፈልጋል።

በዚህ ላይ ዑለማዎች (የሃይማኖቱ ሊቃውንት) አዘውትረው የሚጠቅሱት ነብዩ ባልደረባቸውን ሙዓዝ ኢብን ጀበልን ወደ የመን ሲልኩት የሰጡትን መመሪያ ነው፤ ሰዎቹን መጀመሪያ ወደ ሸሃዳ እንዲጠራ፣ ከተቀበሉ አምስቱን ሶላቶች፣ እነዚያንም ከተቀበሉ ዘካን እንዲያሳውቃቸው አዘዙት። ቁርኣን ራሱ የወረደው በ23 ዓመታት ውስጥ ነው። የረመዷን ጾም ግዴታ የሆነው ከሂጅራ (ነብዩ ከመካ ወደ መዲና ከተሰደዱበት) በኋላ በ2ኛው ዓመት ሲሆን፣ ስለ አስካሪ መጠጥም በመጀመሪያ ጉዳቱ ከጥቅሙ እንደሚያመዝን (ቁርኣን 2፡219)፣ ቀጥሎ ሰክሮ ወደ ሶላት መቅረብ እንደማይገባ (4፡43)፣ በመጨረሻም ፈጽሞ እንዲርቁት (5፡90) ተነገረ። የነብዩ ባለቤት ዓኢሻ (ረ.ዐ) በቡኻሪ የሐዲስ (የነብዩ ንግግርና ተግባር ዘገባ) ስብስብ በተዘገበው ንግግራቸው፣ ገና ከጅምሩ «መጠጥ አትጠጡ» የሚል ወርዶ ቢሆን ኖሮ ሰዎች «መቼም አንተውም» ይሉ ነበር ብለዋል።

ይህ ማለት ግን ሰለምቴው ሕጉን እንደፈለገ ያዘገያል ማለት አይደለም፤ ድንጋጌው ዛሬ የተሟላ ነው። ደረጃ በደረጃ የሚሄደው ማወቁና መልመዱ ሲሆን፣ ሳያውቅ ያጓደለውና እያወቀ የተወው በአንድ ዓይን አይታዩም። ከመስለሙ በፊት ያለፉትን ሶላትና ጾም ቀዷ እንዲያወጣ (በኋላ እንዲፈጽም) አይጠየቅም፤ በረመዷን አጋማሽ የሰለመ ሰውም የሚጾመው ከዚያ በኋላ ያሉትን ቀናት ነው።

ጀማሪን ይበልጥ የሚያስጨንቀው ሶላት ነው። በቀን ግዴታ የሆኑት ረከዓዎች (የሶላት ዙሮች) 17 ስለሆኑና በእያንዳንዱ ፋቲሓ (የቁርኣን የመክፈቻ ምዕራፍ) ስለሚቀራ፣ ሰባቱ አንቀጾቿ ከሁሉ በፊት ይጠናሉ። «ከቁርኣን ምንም መያዝ አልቻልኩም» ብሎ ለነገራቸው ሰው ነብዩ «ሱብሓነላህ፣ አልሐምዱ ሊላህ፣ ላ ኢላሃ ኢለላህ፣ አላሁ አክበር» እንዲል አስተምረውታል፤ ይህም ፋቲሓን አጥንቶ እስኪጨርስ የሚያሻግር መንገድ ነው። በጀማዓ (በኅብረት) መስገድም ብዙ ያቃልላል፤ ከኢማሙ (ሶላቱን ከሚመራው) ጋር ሩኩዕና ሱጁድ (ማጎንበስና ግንባርን መሬት ማስነካት) የሚያደርግ ሰው ቅደም ተከተሉን ሳይጨነቅ ይለምደዋል።

ለአስተማሪዎች ደግሞ ከሙዓዊያ ኢብን አል-ሐከም አል-ሱለሚ ታሪክ የበለጠ ትምህርት የሚገኝ አይመስልም። ገና አዲስ ሰለምቴ ሳለ በሶላት ላይ አንድ ሰው ሲያስነጥስ «የርሐሙከላህ» (አላህ ይዘንልህ) አለ፤ ሰጋጆቹ አፈጠጡበት፣ እሱም «ምን ሆናችሁ ታዩኛላችሁ?» ሲል ጭኖቻቸውን እየመቱ ዝም ሊያሰኙት ሞከሩ። ሶላቱ ሲያበቃ ነብዩ ሳይቆጡ፣ ሳይመቱና ሳይሰድቡ፣ ሶላት የሰዎች ንግግር የማይገባበት፣ ተስቢሕ («ሱብሓነላህ» ማለት)፣ ተክቢር («አላሁ አክበር» ማለት) እና የቁርኣን ንባብ የሆነ ነገር መሆኑን ነገሩት። አፍጣጮቹ ትክክል ነበሩ፤ ሰውየው ዕድሜውን ሙሉ ያስታወሰው ግን የነብዩን አስተማሪነት ነው።

ብዙ ሰለምቴ በመጀመሪያው ወር ግለት ሌሊቱን ቆሞ ለመስገድ፣ ሁሉንም ሱና (ግዴታ ያልሆነ የነብዩን ፈለግ) ለመያዝ ይሞክርና ሲደክመው ግዴታውንም ይጥላል። «አላህ ዘንድ ተወዳጁ ሥራ ትንሽ ቢሆንም ዘውታሪው ነው» የሚለው ሐዲስ ለዚህ ይነገራል። እየተቸገረና እየተደናቀፈ ቁርኣን የሚቀራ ሰውም ሁለት ምንዳ እንዳለው ተዘግቧል፤ አረብኛ አፉ ላይ አልላላ ላለው ጀማሪ ይህ ቀላል ዜና አይደለም።

ያለፈውን በተመለከተ፣ እስልምና ከበፊቱ የነበረውን ኃጢአት እንደሚያጠፋ ነብዩ ለዐምር ኢብን አል-ዓስ ነግረውታል። ሐኪም ኢብን ሒዛም ከመስለሙ በፊት ስለ ሰጠው ምጽዋትና ስለ ነጻ ያወጣቸው ባሪያዎች ሲጠይቅም፣ ከቀደመው መልካም ሥራው ጋር እንደሰለመ መልሰውለታል። ስም መቀየር ትርጉሙ ከእምነቱ ጋር ካልተጋጨ ግዴታ አይደለም። ቤተሰብም አይቆረጥም፤ የአቡበክር ልጅ አስማእ፣ ገና ያልሰለመች እናቷ ልትጠይቃት በመጣች ጊዜ ምን ላድርግ ብላ ነብዩን ስትጠይቃቸው፣ «እናትሽን ቀጥያት» (ዝምድናሽን አትቁረጪ) አሏት።