አልተርኔተር ላይ የተጻፈው አምፔር ምንድን ነው?

«ቮልስ ላይ ባለ 55 አምፔር አልተርኔተር ከገጠምክ ባትሪህን ይቀቅለዋል።» ይህችን አባባል ለስንተኛ ጊዜ እንዳነበብኳት እንጃ። ወንድሜ፣ ስህተት ነው።

ዲናሞም አልተርኔተርም በሞተሩ እየዞሩ ኤሌክትሪክ የሚያመነጩና ባትሪ የሚሞሉ ናቸው፤ ዲናሞ የድሮው፣ አልተርኔተር የኋለኛው። ባለ 12 ቮልቷ የድሮ ቮልስ ዲናሞ 30 አምፔር ገደማ ይሰጣል፤ በቦታው የሚገባው አልተርኔተር ብዙ ጊዜ 55 ነው። ቁጥሩ የሚነግራችሁ ከተጠየቀ እስከየት እንደሚችል ነው፣ በግድ ስለመግፋት ምንም አይልም።

ድግስ አስቡ። አምፔሩ የድስቱ ትልቀት ነው፤ ድስት ስለተለቀ እንግዳው አብዝቶ አይበላም። የሚያስጨንቀው «በሞቴ!» እያለ የሚያጎርሰው ጋባዥ ነው፣ እሱ ቮልቴጁ ነው። ቮልቴጁን የሚገድበው ሬጉሌተር ደግሞ ጋባዡን «ተው፣ ጠግበዋል» የሚለው ሽማግሌ። ሞተሩ እየሠራ ባትሪው ላይ 14 ቮልት አካባቢ ካነበባችሁ ሽማግሌው ሥራው ላይ ነው። ከ15 ካለፈ ባትሪው ይፈላል፣ ያውም በዚያችው በ30 አምፔሯ ዲናሞ!

የትልቅ ድስት ጣጣው በሩ ላይ ነው። ባዶ ባትሪ የራበው እንግዳ ስለሆነ ብዙ አምፔር ይጠይቃል፣ ያ ሁሉ ሳህን በድሮው ቀጭን ሽቦ ልለፍ ሲል ሽቦው ይግላል። (በር ግን አይግልም፣ ምሳሌው እዚህ ላይ ተንጋደደ።) ስለዚህ ከቢ ፕላስ (ቻርጁ ከሚወጣበት የአልተርኔተሩ ጫፍ) ወደ ባትሪው አዲስ ወፍራም ሽቦ ዘርጉ፣ ባትሪው አጠገብ ፊውዝ አስገቡበት።

ሬጉሌተሩ አልተርኔተሩ ውስጥ ካለ፣ ከኋላ ወንበር ሥር ያለውን የድሮውን አውጡት። «ለጥንቃቄ ይቀመጥ» አይሠራም። ወደ ዳሽቦርዱ የቻርጅ መብራት የሚሄደው ሽቦ ዲ ፕላስ በሚባለው የአልተርኔተሩ ጫፍ ላይ ይታሰራል፣ ከድሮው ሬጉሌተር ወደ ዲናሞው ይሄድ የነበረው የዲኤፍ ሽቦ በቴፕ ተጠቅልሎ ይቀራል። የዚያችን መብራት አምፖልም አትናቋት፣ አልተርኔተሩን የምታስነሳው በእሷ በኩል የምታልፈው ትንሽ ኤሌክትሪክ ናት። ከተቃጠለች ቻርጁ ላይጀምር ይችላል።

ሳልጠየቅ ልጨምር። ቮልስ ላይ ዲናሞውን የሚያዞረው ቺንጋ ሞተር የሚያቀዘቅዘውንም ፋን ያዞራል፣ ከተበጠሰ «ባትሪው ያደርሰኛል» ብላችሁ አትንዱ። 6 ቮልት የሆነችዋ ቮልስ ደግሞ ወደ 12 ለመቀየር ከአምፖል እስከ ሞተሪኖ ሌላ ሥራ አለባት። ሞተሩ እየሠራ ባትሪ ነቅሎ ቻርጅ መፈተሽ ደግሞ የዲናሞ ዘመን ልማድ ነው፤ አልተርኔተር ላይ ዳዮዶቹን (ኤሌክትሪኩን ባትሪው ወደሚቀበለው ዓይነት የሚቀይሩትን) ሊጨርሳቸው ይችላል።