የሴቶች የልብ ደም ሥር በሽታ እና የምስል ምርመራ

የልብ ደም ሥር መጥበብ ሴትና ወንድ አይልም። አያያዙ ግን ይለያያል። ሴቶችን ብዙውን ጊዜ የሚያገኛቸው ከወንዶች 10 ዓመት ያህል ዘግይቶ ነው። ከደረት ሕመሙ ጋር ማቅለሽለሽ፣ ድካም ወይም የመንገጭላ ሕመም ሊኖር ይችላል። እኛ ዘንድ ይሄ ሁሉ «ጨጓራ ነው» ተብሎ ቶሎ ይታለፋል።

ቀለም ተረጭቶ የልብ ደም ሥር በኤክስሬይ የሚታይበት የልብ አንጂዮግራፊ የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1958 ነው። አሜሪካ ክሊቭላንድ ክሊኒክ ውስጥ የልብ ሐኪሙ ሜሰን ሶንስ ሳያስቡት ቀለሙ በቀጥታ ወደ ልብ ደም ሥር ገባባቸው። ከዚያ ወዲህ በሽታ ማለት የጠበበ ትልቅ ደም ሥር ማለት ሆኖ ቆየ። እ.ኤ.አ. በ1991 የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም የመጀመሪያዋ ሴት ኃላፊ በርናዲን ሂሊ፣ ሴቷ እንደ ወንድ ካልታመመች ተገቢው ሕክምና አይደርሳትም ብለው ጻፉ። ነገሩንም ለመማር ወንድ መስላ በኖረች የልብ ወለድ ሴት ስም «የንትል ሲንድረም» አሉት።

ከምስል ምርመራዎቹ ብዙ ጣጣ ያለው በኑክሌር ምርመራው ነው። ጥቂት ጨረር አመንጪ መድኃኒት በክንድ ደም ሥር ይሰጣል፤ ካሜራው ከልብ ጡንቻ የሚወጣውን ጨረር ይለቅማል። ደም ያነሰበት ቦታ ደብዝዞ ይታያል። ችግሩ ጡትም ጨረሩን ስለሚያስቀር የልብ የፊት ግድግዳ የታመመ ሊመስል መቻሉ ነው። (ወንዶችም አያመልጡም፤ የእነሱን የታችኛውን ግድግዳ ድያፍራም ያደበዝዘዋል።) በድሮው ጨረር አመንጪ መድኃኒት በታሊየም 201 ይሄ ይብስ ነበር፤ የአዲሱ የቴክኒሺየም 99ኤም ጨረር ጠንከር ስለሚል ይሻላል። ጎበዝ የምስል ባለሙያ ግን ድሮም አይሸወድም። በሽተኛዋን በሆዷ አስተኝቶ ደግሞ ያነሳል፤ ግድግዳው በደንብ መኮማተሩንም ያያል። ተቃራኒው ስህተትም አለ። ልቧ ትንሽ ከሆነ ትንሿ ጉዳት በምስሉ ብዥታ ትዋጣለች። ፔት የተባለው የተሻለ የኑክሌር ምርመራ ሁለቱንም ያቃልላል፤ የደሙንም ፍሰት በቁጥር ይለካል። ዋጋው ግን አይቀመስም።

ዋይዝ የተባለው የአሜሪካ ጥናት እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ 936 ሴቶችን መርምሯል። ሁሉም ለአንጂዮግራፊ የተላኩ ናቸው። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ትልልቅ ደም ሥሮቻቸው ያን ያህል አልጠበቡም ነበር። ከእነዚህ ብዙዎቹ ላይ በአንጂዮግራም የማይታዩት ጥቃቅን ደም ሥሮች እንደሚገባው አይሰፉም። «ደም ሥርሽ ንጹሕ ነው» ተብላ ወደ ቤቷ የተመለሰች ሴት ሕመሟ የእውነት ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

እየሮጡ የሚነሳው ኢሲጂ (የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ) ሴቶችን ያለበሽታቸው በሽተኛ ማድረግ ያበዛል ይባላል። በእኔ እይታ ስሙ ከሚገባው በላይ ጠፍቷል። ልብ በስፖርት ወይም በመድኃኒት እንዲሠራ ተደርጎ በድምፅ ሞገድ የሚነሳው ስትረስ ኤኮ ጨረር የለውም፤ ለወጣት ሴቶች ተመራጭ ነው። በልብ ደም ሥር ግድግዳ ላይ የተጠራቀመውን ካልሲየም የሚለካው የሲቲ ምርመራ ውጤት ዜሮ መሆኑም፣ ካልሲየም ያልያዘ ለስላሳ ዝቃጭ የለም ማለት አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው የአሜሪካ የደረት ሕመም መመሪያ «ያልተለመደ ሕመም» የሚለውን አባባል አስቀርቷል። አሁን የሚጠየቀው ሕመሙ ከልብ ነው፣ ምናልባት ከልብ ነው፣ ወይስ ከልብ አይደለም የሚለው ነው።