ሳውንድ ካርድ እና ዲጂታል የድምፅ መውጫ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በድምፅ መሣሪያ ገጠማ ሥራዬ ከሁሉ በላይ የሚያሰለቸኝ ጥያቄ ይህ ነው፦ «ኮምፒውተሬን ከአምፕሊፋየሩ ጋር በኦፕቲካል ገመድ አገናኝቻለሁ፤ የማዘርቦርዱ (የኮምፒውተሩ ዋና ቦርድ) ሳውንድ ግን ርካሽ ስለሆነ፣ ለብቻው የሚጨመር ጥሩ ሳውንድ ካርድ ብገዛ ድምፁ አይጠራም ወይ?» አይጠራም። ጠያቂው ግን አብዛኛውን ጊዜ ይህን መልስ ሊሰማ አልመጣም፤ ካርዱን በልቡ ገዝቶታል።

በኦፕቲካልም (በብርሃን ገመድ) ሆነ በኮአክሲያል (በኤሌክትሪክ ገመድ) መውጫ የሚሄደው ድምፅ ሳይሆን ቁጥር ነው። ከሲዲ የተቀዳ ሙዚቃ ከሆነ ለእያንዳንዱ ቻናል በሰከንድ 44,100 ናሙና (የድምፅ ሞገዱ ልኬት)፣ እያንዳንዱ ናሙና ደግሞ 16 ቢት ነው። የውድ ሳውንድ ካርድ ዋጋ የሚውልባቸው ክፍሎች፣ ማለትም ዲጂታሉን ወደ አናሎግ የሚቀይረው ዳክ፣ ከእርሱ ቀጥለው ያሉት የማጉያ ቺፖችና ካርዱን የሚሸፍነው ቆርቆሮ፣ ሁሉም ያሉት በአናሎጉ መንገድ ላይ ስለሆነ፣ ዲጂታል መውጫ ሲመረጥ ምልክቱ በእነርሱ በኩል አያልፍም። ቅየራውን የሚሠራው አምፕሊፋየሩ ውስጥ ያለው ዳክ ነው። ደብዳቤ በበቅሎም በአውሮፕላንም ቢላክ ቃሉ አይለወጥም።

አንድ ደንበኛዬ ይህን አልቀበልም ስላለኝ አንዱን የሙዚቃ ፋይል በማዘርቦርዱና በአዲሱ ካርዱ ኦፕቲካል መውጫ በየተራ አጫውቼ፣ ሁለቱንም በዲጂታል መቅጃ ቀዳሁ። ከዚያ ቅጂዎቹን ናሙና ለናሙና አስተካክዬ የአንደኛውን ሞገድ ገልብጬ ስደምራቸው ውጤቱ ፍጹም ዜሮ ሆነ፤ አንዲት ቢት እንኳ አልተለየችም። ሰውየው ካርዱ «ሞቅ ያለ» ድምፅ አለው ማለቱን አልተወም፤ ዋጋው ነው መሰለኝ የሚሞቀው።

ሁለት ኮምፒውተሮች በዲጂታል መውጫ በእርግጥ የተለያየ ድምፅ ካወጡ፣ አንድ ነገር ቁጥሮቹን በመንገድ ላይ ቀይሯቸዋል ማለት ነው፤ በዚህ ደግሞ ለብቻው የሚገዛ ካርድም ሁልጊዜ ከጥፋቱ ነፃ አልነበረም። በ1998 የወጣውና እጅግ የተወደደው ሳውንድ ብላስተር ላይቭ የተባለ ካርድ ማንኛውንም ድምፅ በውስጡ ወደ 48 ኪሎኸርዝ (በሰከንድ 48,000 ናሙና) ይለውጥ ስለነበር የሲዲ ድምፅ ሳይነካ አይወጣበትም ነበር። ኢንቴል በ2004 ኤችዲ ኦዲዮ የተባለውን ደረጃ ካወጣ በኋላ ግን ተራ ማዘርቦርድ እንኳ 44.1 ኪሎኸርዙን እንዳለ ማውጣት ይችላል። ዛሬ ቁጥሮቹን የሚነካካው በአብዛኛው ሶፍትዌሩ ነው፦ ዊንዶውስ ከቪስታ ጀምሮ በተለመደው አሠራሩ የሁሉንም ፕሮግራም ድምፅ ቀላቅሎ በቅንብሩ በተመረጠው የናሙና ፍጥነት ያወጣል፤ የድምፅ መጠን መቀነሻውና «ማሻሻያ» የሚባሉት አማራጮችም የየራሳቸውን ይጨምራሉ።

ስለዚህ ካርድ ከመግዛት በፊት የድምፅ መጠኑን 100 ላይ ማድረግ፣ ማሻሻያዎቹን ሁሉ ማጥፋት፣ ማጫወቻውንም የዊንዶውስን መቀላቀያ አልፈው በሚሄዱት በዋሳፒ ኤክስክሉሲቭ ወይም በአሲዮ እንዲሠራ ማድረግ ይገባል። ማረጋገጫም አለው። በዲቲኤስ (ብዙ ቻናል ድምፅን አምቆ የሚይዝ ስልት) የተቀረጸ የሲዲ ትራክ ወደ ዋቭ ፋይል ገልብጣችሁ አጫውቱ፦ የአምፕሊፋየሩ የዲቲኤስ ምልክት ከበራና ሙዚቃው ከተሰማ ቁጥሮቹ ሳይነኩ ደርሰዋል፤ ኃይለኛ ሽሽታ ብቻ ከተሰማ አንድ ቅንብር አሁንም እየለወጣቸው ነው። አምፕሊፋየሩን አስቀድማችሁ ዝቅ አድርጉት፤ ያ ሽሽታ ስፒከር ሊጎዳ ይችላል።

የቀሩት የተሳሳቱ አመለካከቶች ብዙ ቃል አያሻቸውም። ኦፕቲካል ከኮአክሲያል የተሻለ ድምፅ የለውም፤ በኤሌክትሪክ ስለማያገናኝ ከመሬት መስመር የሚመጣውን ኸምታ ያስቀራል፣ ጥቅሙ ይኸው ነው። ወርቅ የተቀባ የኦፕቲካል ገመድ ጫፍ የሚጠቅመው ሻጩን ነው፤ ብርሃን ወርቅ አይፈልግም። ጂተር የሚባለው የጊዜ መዋዠቅ በእርግጥ አለ፤ ደህና ሆኖ የተሠራ አምፕሊፋየር ግን አብዛኛውን ስለሚያጣራው ጆሮ ሊለየው ይቸገራል።

አንድ እውነተኛ ልዩነት አለ። የኦፕቲካል መውጫ ያልታመቀ ድምፅ የሚያስተላልፈው በሁለት ቻናል ብቻ ስለሆነ፣ የጌም ድምፅ በ5.1 (በአምስት ስፒከርና በአንድ ባስ) እንዲወጣ ከተፈለገ ዶልቢ ዲጂታል ላይቭ ወይም ዲቲኤስ ኮኔክት በሚባለው ስልት እዚያው መታመቅ አለበት። ይህ አገልግሎት በአንዳንድ ካርዶች ላይ አለ፤ በአንዳንድ ማዘርቦርዶችም ላይ አለ። አምፕሊፋየሩ የኤችዲኤምአይ መግቢያ ካለው ግን ይህ ሁሉ አያስፈልግም፤ ከግራፊክስ ካርዱ በሚወጣው ኤችዲኤምአይ እስከ 8 ቻናል ያልታመቀ ድምፅ ያልፋል።

የጆሮ ማዳመጫ በቀጥታ ኮምፒውተሩ ላይ ለሚሰካ ወይም በማይክ ድምፅ ለሚቀዳ ሰው ካርድ ወይም የዩኤስቢ ኢንተርፌስ ይጠቅመዋል፤ እርሱ የሚጠቀመው አናሎጉን ነውና። ኮምፒውተሩ ከኋላው የኦፕቲካል ቀዳዳ ስለሌለው ብቻ ካርድ ሊገዛ የሚነሳ ግን አስቀድሞ የማዘርቦርዱን መመሪያ ያንብብ፦ ብዙ ማዘርቦርዶች ቦርዱ ላይ የዲጂታል መውጫ ፒኖች ስላሏቸው፣ የሚጎድለው ፒኖቹ ላይ የሚሰካ፣ ከእነርሱ ጋር የሚስማማ አንድ ትንሽ የመውጫ ቀዳዳ ብቻ ሊሆን ይችላል።