የአሜሪካ ወታደር ደመወዝ ከኑሮ ውድነት ጋር ተያይዟል?

ብዙ ሰው ኑሮ በተወደደ ቁጥር የአሜሪካ ወታደር ደመወዝም አብሮ የሚያድግ ይመስለዋል። እንደዚያ አይደለም። በሕግ ከገበያ ዋጋ ጋር የተያያዘው የጡረተኛው አበል ነው። ከጁላይ እስከ ሴፕቴምበር ያለው የሸቀጦች ዋጋ ካለፈው ዓመት ተመሳሳይ ወራት ጋር ይነጻጸራል፤ ልዩነቱ አበሉ ላይ ይጨመራል።

በሥራ ላይ ያለው ወታደር መነሻ ደመወዝ ግን የሚከተለው የግል ድርጅት ሠራተኞች ደመወዝ ምን ያህል እንዳደገ ነው። መረጃውም የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. የጃንዋሪ 2023 ጭማሪ የተሰላው እስከ ሴፕቴምበር 2021 በነበረው ዕድገት ነው። ውጤቱን እዩት፦ ለጡረተኛው 8.7 በመቶ ሲጨመርለት፣ በሥራ ላይ ያለው 4.6 በመቶ ብቻ አገኘ። ልጆች ለሚያሳድግ ወጣት ወታደር ይህ በጣም ከባድ ልዩነት ነው። ኮንግረሱ ከቀመሩ የተለየ ቁጥር መወሰን ይችላል።

ስሙም ያምታታል። የጡረተኛው ዓመታዊ ማስተካከያ «ኮላ» ይባላል። ኑሮ ውድ በሆነበት አገር ለተመደበ ወታደር የሚሰጠው ተጨማሪ ክፍያም «ኮላ» ነው። ይኼኛው የምንዛሪ ተመን ሲለዋወጥ ሊቀንስ ይችላል። የጡረታው ግን ዋጋ ቢወርድ እንኳ አይቀነስም።