የኢንጄክሽን ጀልባ ሞተር አልነሳም ሲል፦ በጣና ሐይቅ የጎጃም ዳርቻ የሚሠራበት አመረማመር

በባሕር ዳር፣ በዘጌና በቁንዝላ መካከል ተሳላሚና ጎብኚ፣ ገበያተኛና ዕቃ ከሚያመላልሱ አነስተኛ ጀልባዎች ብዙዎቹ ከኋላቸው በሚታሰር የቤንዚን ሞተር ይሄዳሉ። ከደንገል የሚሠራው ታንኳ ከሁሉ ቀዳሚ ነው፤ ዛሬም ከሐይቁ አልጠፋም። በወረራው ዘመን ጣሊያኖች ጎርጎራ ላይ ወደብ ሠርተው ነበር። በሞተሮቹ ላይ የመጣው ትልቁ ለውጥ ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ካርቡራቶር በኢንጄክሽን መተካቱ ሲሆን፣ ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው ይህንኑ አዲሱን ሞተር፣ በተለይም ጠዋት ተሳፋሪ ተቀምጦ አልነሳም ያለውን ነው።

በካርቡራቶር ሞተር ቤንዚኑን የሚስበው ወደ ሞተሩ የሚገባው አየር ነው። በኢንጄክሽን ግን የኤሌክትሪክ ፖምፓ ቤንዚኑን በግፊት ያደርሳል፤ ኮምፒዩተሩም የአየሩን ግፊት፣ የሞተሩን ሙቀትና የክራንኩን (ፒስተኖቹ የሚያዞሩትን ዘንግ) አቀማመጥ ከሴንሰሮች ተቀብሎ ቤንዚን የሚረጩትን ኢንጄክተሮች በሺኛ ሰኮንድ ልክ ይከፍታል። ጣና ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,800 ሜትር ላይ ስለሚገኝ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በአምስተኛ እጅ ያህል ይሳሳል። ሞተሩ አልነሳም ሲል ጥፋቱን በዚህ ከፍታ የሚያላክኩ አሉ፤ ነገር ግን ከፍታው ጉልበት ይቀንስ እንደሆነ እንጂ ጤነኛ የኢንጄክሽን ሞተር እንዳይነሳ አያደርግም፣ የቤንዚኑን መጠን ኮምፒዩተሩ ራሱ ያስተካክላልና። ካርቡራቶር ይሻላል የሚሉትም ፈጽሞ ተሳስተዋል ማለት ያስቸግራል፤ አነስተኛውን ሞተር ባትሪ ቢሞትም በገመድ ስቦ ማስነሳት ይቻል ነበር።

የሐይቁ ባለሙያ በመጀመሪያ የሚጠይቀው ሞተሪኖው (ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳው ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር) ይዞራል ወይስ አይዞርም ብሎ ነው። ፈጽሞ ካልዞረ ማርሹ ፎሌ ላይ (ከማርሽ ውጭ) መሆኑ ይታያል፤ ማርሽ ከገባ የደኅንነት ስዊቹ ለሞተሪኖው መብራት አይሰጥምና። ከዚያ ዋናው የባትሪ ማብሪያና ማጥፊያ፣ ፊውዙና ሞርሴቶቹ (የባትሪው ገመድ ማሰሪያዎች) ይፈተሻሉ። ሞተሪኖው እየዞረ ሞተሩ ካልተነሳ ደግሞ፣ ጀልባ ነጂው በእጁ ወይም በወገቡ የሚያስረው የአደጋ ጊዜ ማጥፊያ ገመድ ቦታው ላይ መሰካቱን ማየት ይቀድማል። ይህች ገመድ ወልቃ ሳለ ስንት ሞተር ያለ ጥፋቱ ተፈትቷል!

ባትሪው ሰፊ ቦታ ይገባዋል። ያረፈ ሙሉ ባትሪ በቴስተር ሲለካ 12.6 ቮልት ግድም ያሳያል፤ 12 ላይ የደረሰው ባዶ ሊባል ይችላል። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ሞተሪኖው እየዞረ የሚወሰደው ልኬት ነው፤ ከ10 ቮልት በታች ከወረደ ባትሪው ደክሟል ወይም ሞርሴቱ ዝጓል። ሞተሪኖው እያቃሰተም ቢሆን ሊዞር ይችላል፤ ኮምፒዩተሩና ፖምፓው ግን የሚበቃቸውን ቮልት አያገኙም። ችግሩ የቤንዚን መስሎ ብዙዎችን የሚያሳስተውም ይህ ነው። አንዴ ከ10 ሰኮንድ በላይ ማስዞርም ሞተሪኖውን ሊያቃጥል ይችላል።

ባትሪው ደኅና ከሆነ ጆሮ ይሠራል። ቁልፉ ሲከፈት በብዙ ሞዴሎች የቤንዚኑ ፖምፓ ለሁለት ሦስት ሰኮንድ እዝዝ ብሎ ዝም ይላል። ድምፁ ካልተሰማ ፊውዙ፣ ሪሌው (ለፖምፓው መብራት የሚሰጠው ማብሪያ) ወይም ፖምፓው ይጠረጠራል። ድምፅ ካለ ደግሞ በቱቦው መካከል ያለችው በእጅ የምትጨመቅ የጎማ ፖምፓ ትመሰክራለች፤ ቀስቷ ወደ ላይ ሆና ስትጨመቅ መጠንከር አለባት። የማትጠነክር ከሆነ አየር የሚገባበት ቦታ ወይም የሚያፈስ መጋጠሚያ አለ፤ ወደ ውስጥ ተጣብቃ ከቀረች የሰልባትዮው (የቤንዚን ታንከሩ) አየር ማስገቢያ ተዘግቷል። በክረምት፣ በተለይ በጀሪካን ተቀድቶ በሚመጣ ቤንዚን ውስጥ ውሃ መግባቱ የተለመደ ነው። ከውሃ መለያው ፊልትሮ የወጣው ቤንዚን በመስታወት ብልቃጥ ተቀድቶ ትንሽ ሲቆይ ውሃው ከታች ተለይቶ ይታያል።

ዘጌ ደርሶ ጥቂት ቆሞ አልነሳም የሚል ትኩስ ሞተር ነገሩ ሌላ ነው። ባሕር ዳር ላይ ውሃ በ94 ዲግሪ ግድም እንደሚፈላ ሁሉ፣ ቤንዚንም በዚህ ከፍታ ቀደም ብሎ ይተንናል። ክዳኑን ከፍቶ ማቀዝቀዝና የጎማዋን ፖምፓ ደጋግሞ መጭመቅ አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል። ቤንዚን ያፈነውን ሞተር ደግሞ ፎሌ ላይ ጋዙን እስከ መጨረሻው ከፍቶ ማስዞር በአንዳንድ ሞዴሎች ኢንጄክተሮቹን ስለሚዘጋ እሳት የሚሰጡት ካንዴላዎች ይደርቃሉ።

ቤንዚኑም ባትሪውም ደኅና ሆኖ ካንዴላው እሳት ካልሰጠ፣ ኢንጄክተሮቹም ካልሠሩ፣ ሁለቱ አብረው መጥፋታቸው ወደ ክራንክ ሴንሰሩ ያመለክታል። እሳቱ የጠፋው በአንድ ሲሊንደር ብቻ ከሆነ ወደ ካንዴላው ወይም ወደ ቦቢናው (ለካንዴላው ከፍተኛ ቮልት ወደሚሰጠው ጥቅል) ያደላል። ኮምፒዩተሩ ራሱ የሚበላሸው ከስንት አንዴ ነው፤ የባሕር ዳር መካኒኮች እርሱን መጨረሻ ላይ ማየታቸውም የሚያስመሰግን ልማድ ነው። ሞተሩ ወደ የብስ ወጥቶ የሚሞከር ከሆነ ውሃ በቱቦ ሳይሰጡት ማስነሳት አይገባም፤ የማቀዝቀዣው ፖምፓ ጎማ ደርቆ ሲዞር ወዲያው ይቃጠላል።