የነከሰ የጎማ ዳዶና አፈታቱ

ጎማን ከመኪናው ጋር አጥብቆ የሚይዘው ዳዶ (ብሎን ላይ የሚጠመዘዘው ባለቀዳዳ ብረት) ወይም ብሎን በተለመደው ቁልፍና በአንድ ሰው ጉልበት አልፈታ ሲል «ነክሷል» ይባላል። በአገራችን ይህን ሥራ የሚችለው ሰው ጎሚስታ ነው። መንገድ ዳር ባቆመው አሮጌ ጎማ ላይ በነጭ ቀለም «ጎሚስታ» ብሎ ጽፎ፣ ኮምፕሬሰሩንና የውሃ ገንዳውን ይዞ ይጠብቃል። ስለዚህ ሙያ በአማርኛ የተጻፈ ነገር እንደ ልብ አይገኝም። የሚገባውን ያህል አልተጻፈለትም።

ከሥራው በፊት ስለ ቃላቱ ትንሽ ማለት ያስፈልጋል፤ የሙያው ታሪክ በአብዛኛው የተቀመጠው እዚያ ነውና። የመጀመሪያዋ መኪና ለአፄ ምኒልክ የገባችው በ1900 ዓ.ም. ነው። የጎሚስታው ቋንቋ ግን የመጣው በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት ነው ቢባል ስህተት አይሆንም። ጎማ፣ ጎሚስታ፣ ዳዶ፣ ብሎን፣ ቸርኬ (ጎማው የሚለብሰው ክብ ብረት)፣ ክሪክ፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ፍሬን፣ ካላማዳሪያ፣ ትርፍ ጎማውን የምንጠራበት ስኮርታም ሳይቀር ከጣሊያንኛ የተወሰዱ ናቸው። በዚያ ዘመን መንገዶች ተቆረጡ፤ የጣርማበር ዋሻም ተበሳ። እ.ኤ.አ. በ1931 መሠራት የጀመረው ፊያት 634፣ ማለትም «ትሬንታ ኳትሮ»፣ ዳገቱን ይወጣ ጀመር። ጎማ ሲፈነዳ አጠገቡ የሚገኘው የአገሬው ልጅ ነበር። መፍቻውን ይዞ ተማረ፣ ቃሉንም ወሰደ፣ ጣሊያን ሲወጣ ሙያው እዚሁ ቀረ። መፍቻን «ቁልፍ» ማለታችን ራሱ ከጣሊያንኛ የተተረጎመ ይመስላል፤ በእነሱም ቋንቋ የበር ቁልፍና መፍቻ አንድ ስም አላቸው።

በደርግ ዘመን የላዳ ታክሲ መጣ። እሱም ቢሆን ከፊያት 124 የተቀዳ ነው።

አሁን መንገዱን የሞላው ቶዮታ ነው። የአብዛኞቹ የቶዮታ የቤት መኪኖች ዳዶ በ21 ቁልፍ ይፈታል፤ የሆንዳ ደግሞ በ19። ላዳ፣ ቮልስና ሌሎች ብዙ የአውሮፓ መኪኖች ዳዶ የላቸውም። ብሎኑ ራሱ ሞዞው ውስጥ፣ ማለትም ጎማው የሚታሰርበት የመሃል ብረት ውስጥ ይገባል። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ዳዶ ቢበላሽ በዳዶ ይተካል። ብሎን ውስጥ ተሰብሮ ቢቀር ግን ተበስቶ መውጣት አለበት።

ዳዶን የሚያስነክሱት ዋና ነገሮች ሁለት ናቸው፤ ዝገትና ከልክ ያለፈ ማጥበቅ። ዝገቱ ግልጽ ነው። ብረት ሲዝግ ያብጣል፣ በጥርሱ፣ ማለትም ዳዶና ብሎን በሚጠማዘዙበት ጠመዝማዛ መስመር መካከል ያለውን ክፍተት ይሞላል። ጨው ካለ ይብሳል፤ ከአፍዴራ ጨው የሚጭኑ መኪኖችና ጅቡቲ የሚመላለሱ ሹፌሮች ይህን ይመሰክራሉ። በእኔ እምነት ግን ከተማ ውስጥ የበለጠው ጥፋት የማጥበቅ ነው። ለቶዮታ ኮሮላ ፋብሪካው ያዘዘው 103 ኒውተን ሜትር ነው፤ ኒውተን ሜትር የማጥበቂያ ኃይል መለኪያ ነው። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው 1 ሜትር ቱቦ ቁልፉ ላይ ሰክቶ ጫፉ ላይ ቢቆም ወደ 690 ኒውተን ሜትር ያሳርፋል። ከስድስት እጥፍ በላይ ማለት ነው። በአየር የሚሠራው መፍቻም ሳይለካ ከተተኮሰ ያው ነው። «ጥብቅ አድርግልኝ» የሚል ደንበኛም የጥፋቱ ተካፋይ ነው።

ልምድ ያለው ጎሚስታ ሲፈታ ልብ ብላችሁ እዩት። መኪናውን ወዲያው በክሪክ አያነሳም። ጎማው መሬት ላይ እንዳለ፣ የእጅ ፍሬን ተይዞ፣ በሌላኛው ጎማ ፊትና ኋላ ድንጋይ ተደርጎ ነው የሚጀምረው። ከመሬት ከተነሳ ጎማው አብሮ ይዞራል፤ በኃይል ሲገፋ ደግሞ መኪናው ከክሪኩ ሊወርድ ይችላል። ከዚያ ጥርሱን በሽቦ ብሩሽ ይጠርጋል። ናፍታ ወይም የዝገት ማስለቀቂያ ስፕሬይ ጠብ ያደርግና ሌላ ሥራ ይሠራል። ዘይቱ ፍሬኑ ላይ እንዳይደርስ ይጠነቀቃል። ተመልሶ ሲመጣ ዳዶውን በመዶሻ መታ መታ ያደርገዋል። ቁልፉን እስከ ሥሩ አስገብቶ መጀመሪያ ትንሽ ወደ ማጥበቂያው፣ ቀጥሎ ወደ መፍቻው ይገፋዋል። የዝገቱ ቅርፊት የሚሰበረው በዚህ መመላለስ ነው።

ከዚያ ጆሮውን ይሰጣል። «ቋ!» የሚል ድምፅ ከወጣ ዳዶው ለቋል። ድምፅ ሳይኖር እንደ ላስቲክ ለስለስ ብሎ ከዞረ ግን ብሎኑ እየተጠመዘዘ ነው፤ ሊበጠስ ነው። እዚህ ላይ ጀማሪው ደስ ብሎት ይቀጥላል። አዋቂው ቆም ይልና እንደገና ናፍታ ይጨምራል።

የቱቦው ተራ ከዚህ በኋላ ነው። ለመፍታት ቱቦ መጠቀም ነውር የለውም፤ ለማጥበቅ ነው መጥፎው። ማዕዘኑ የተበላ ዳዶ ከሆነ ከልኩ ትንሽ የጠበበ ቡሽ፣ ማለትም ዳዶውን ዙሪያውን የሚውጥ መፍቻ፣ በመዶሻ ይገባበታል፣ ወይም ሌላ ብረት ተበይዶበት በእሱ ይፈታል። ያም ካልሆነ በመሮ ይሰነጠቃል።

በእሳት ማሞቅም አለ። እዚህ ላይ ማንንም አላስተዛዝንም። ጎማው ቸርኬው ላይ እንዳለ ዳዶ በጋዝ ማሞቅ ወይም መበየድ ሰው ይገድላል። ሙቀቱ በጎማው ውስጥ ተቀጣጣይ ጋዝ ይፈጥራል፤ ጎማው እንደ ቦምብ ይፈነዳል። ነፋሱን ማስተንፈስ ብቻ አደጋውን አያስቀርም።

የጭነት መኪና ሌላ ዓለም ነው። በድሮዎቹ አይሱዙ መኪኖች የግራ ጎን ዳዶዎች ጥርሳቸው ተገላቢጦሽ ነው፤ ወደ ቀኝ ሲዞሩ ይፈታሉ። ጎማው ወደ ፊት ሲዞር ዳዶውን እንዳያላላው ተብሎ ነው። ብሎኑ ጫፍ ላይ የላቲን «ኤል» ፊደል ተቀርጾ ይታያል። ይህን ያላወቀ ሰው ግማሽ ቀን ሲያጠብቅ ሊውል ይችላል። ከኋላ ባለው ጥንድ ጎማ ላይ ደግሞ ዳዶው ድርብ ነው፤ የውጪው በ41 ቁልፍ፣ የውስጡ አራት ማዕዘን በሆነ 21 ይፈታል። የውጪው ሲፈታ የውስጡ አብሮ መዞር ይወዳል። ስለዚህ የውስጡን አንድ ሰው አንቆ ይይዛል።

ዳዶው ሁሉ ወጥቶ ጎማው ራሱ አልወጣ የሚልበት ጊዜም አለ። የአልሙኒየም ቸርኬ ከብረት ሞዞ ጋር ሲጣበቅ እንዲህ ይሆናል። መፍትሔው ዳዶዎቹን መልሶ በእጅ አስገብቶ፣ ትንሽ ላላ አድርጎ፣ መኪናውን ሁለት ሦስት ሜትር ቀስ ብሎ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ማንቀሳቀስ ነው። ክብደቱ ራሱ ያላቅቀዋል።

ጥርሱ ላይ ግሪስ ይቀባ ወይስ አይቀባ የሚለው ያከራክራል። ብዙ አምራቾች ደረቅና ንጹሕ ይሁን ይላሉ፤ ግሪስ ካለ በዚያው ኃይል ብሎኑ ከልክ በላይ ይወጠራልና። ብዙ ጎሚስታዎቻችን ትንሽ ይቀባሉ። ክረምታችንን ለሚያውቅ ሰው ምክንያታቸው ይገባዋል፤ ግን የሚቀባ ሰው የማጥበቂያውን ኃይል መቀነስ አለበት። ሞዞው ፊት ላይ ስስ አድርጎ መቀባት ግን ጥሩ ነው። ሲታሰር በተቃራኒ በተቃራኒው እየተዘለለ ይጠብቃል፤ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከተነዳ በኋላም እንደገና ይታያል።

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪናው በዝቷል። ክብደቱ ከፍ ያለ ነው፣ ብዙዎቹም ስኮርታ የላቸውም። አንዳንዱ ለሌባ ተብሎ ልዩ ቁልፍ የሚፈልግ ብሎን አለው። ያ ቁልፍ ቤት ከቀረ ጤነኛው ብሎንም እንደ ነከሰ ይቆጠራል፤ ጎሚስታውም መዶሻውን ማንሳቱ ነው።