የህዳሴ ዘመን ሶኔት በአንድ ሌሊት ከልብ አልፈለቀም

ስለ አውሮፓ የህዳሴ ዘመን ገጣሚያንና ስለ ሶኔታቸው (በአብዛኛው 14 ስንኝ ስላለው አጭር ግጥም) በተወራ ቁጥር የማትቀር አባባል አለች፦ «ፍቅር ያዘው፣ አላስችል አለው፣ ብዕሩን አነሳ፣ ግጥሙ ከልቡ ፈለቀ።» ጆሮ እስኪሰለች ተደጋግማለች። ወደ እሷ እንመለሳለን፤ ጥቃቅኖቹን እናስቀድም።

«ሶኔትን የፈጠረው ሼክስፒር ነው።» አይደለም። በጀማሪነት የሚጠቀሰው በ13ኛው ክፍለ ዘመን በሲሲሊ፣ በዳግማዊ ፍሬደሪክ ቤተ መንግሥት የነበረው የውል ጸሐፊ ጃኮሞ ዳ ሌንቲኒ ነው። «የሼክስፒር» የሚባለው የቤት አመታት እንኳ በ1547 አንገቱ የተቀላው የእንግሊዛዊው ገጣሚ የሄንሪ ሃዋርድ ነው።

«የሼክስፒር 18ኛው ሶኔት ለቆንጆ ሴት የተጻፈ ነው።» በሠርግ ጥሪ ካርድ ላይ ማስፈሩ መብታችሁ ነው። በ1609 ከታተሙት 154 ሶኔቶች ግን የመጀመሪያዎቹ 126 በአብዛኛው የሚነበቡት ለአንድ ወጣት ወንድ እንደተጻፉ ነው።

«ሶኔት ምንጊዜም 14 ስንኝ ነው።» እዚያው መጽሐፍ ውስጥ 99ኛው 15፣ 126ኛው 12 ስንኝ አለው።

«ሴት ገጣሚ አልነበረም።» ቪቶሪያ ኮሎና 1538፣ ጋስፓራ ስታምፓ 1554፣ ሉዊዝ ላቤ 1555፤ ግጥሞቻቸው በመጽሐፍ የታተሙበት ዓመት ነው።

አሁን ወደ «ፈለቀ» እንምጣ። ጣሊያናዊው ገጣሚ ፔትራርካ በግጥሞቹ የሚያፈቅራትን ላውራን መጀመሪያ ያየሁት በ1327፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ኤፕሪል 6 ነው ይላል፤ በሌላ ግጥም ደግሞ ቀኑ ስቅለት እንደነበር ይነግረናል። አስሉት፦ የዚያ ዓመት ኤፕሪል 6 ሰኞ ነበር፣ ስቅለቱም በ10 ውሏል። ቀኑን ያስቀመጠው የግጥም መጽሐፉ አወቃቀር እንጂ የቀን መቁጠሪያው አይደለም። ቫቲካን ውስጥ የተቀመጡትን ረቂቆቹን ብታዩ ስንኙ ተሰርዟል፣ ሌላ ቃል ተተክቷል፣ ጠርዙ ላይ በላቲን «ይህ ደስ ይላል» ተብሎ ተጽፏል፤ አንዳንዱም ቀንና ሰዓት ሳይቀር አለው። 366ቱን ግጥሞች ሲያርምና ሲያደራጅ ኖሮ፣ በ1374 ሊሞት ሲል እንኳ የመጨረሻዎቹን ተራ ቁጥር ይቀይር ነበር።

ከዚህ እምነት የሚወለድ ሌላ ክስ አለ፦ «ታዲያ ከሌላ የወሰደው ሌባ ነው።» በዚያ ዘመን መውሰድ የሙያው ወግ ነበር፤ ጥያቄው ምን አደረገበት ነው። የፔትራርካን 190ኛ ግጥም እንይ። ወርቃማ ቀንድ ያላት ነጭ አጋዘን በማለዳ ትታየዋለች። አንገቷ ላይ በአልማዝና በቶጳዝዮን «ማንም አይንካኝ» ተብሎ ተጽፏል፤ ቄሣሯ ነጻ ሊያወጣት ወዷል። እሱ እያያት ውኃ ውስጥ ይወድቃል፣ እሷም ትሰወራለች። የእንግሊዙ ንጉሥ የሄንሪ ስምንተኛ ባለሟል፣ ገጣሚው ቶማስ ዋያት ይህንኑ ወስዶ ራእዩን አደን አደረገው። አዳኙ ደክሟል፣ ነፋስን በመረብ ለመያዝ የሚሞክር ነው፤ አጋዘኗም «የቄሣር ነኝ» ትላለች። እዚያ ነጻ የወጣችው እዚህ ንብረት ሆነች። ምንጩን የሚያውቅ አንባቢ የሚደነግጠው በዚህች ለውጥ ነው። ይህን ሌብነት የሚል ሰው ሁለቱን ጎን ለጎን አላነበበም።

ወደ አማርኛ ለምትመልሱ ደግሞ አንድ ምክር። የጣሊያንኛው ሶኔት በ11 ቀለም ይሄዳል። 1፣ 4፣ 5 እና 8ኛው ስንኝ በአንድ ቤት፣ 2፣ 3፣ 6 እና 7ኛው በሌላ ቤት ይመታሉ፤ 9ኛው ላይ ሐሳቡ ይዞራል። እንግሊዝኛ ያን ያህል የሚገጥም ቃል ስለሌለው ሃዋርድ ሰባት ቤት አደረገው፦ ሦስት ጊዜ አራት ስንኝ እያፈራረቀ፣ በመጨረሻ ሁለት ስንኝ በአንድ ቤት። የአማርኛ ተርጓሚ በልማድ ከላይ ጀምሮ ጥንድ ጥንድ ያደርገዋል። ያኔ መዝጊያዋ ጥንድ ከቀሩት ስድስት ጥንዶች በምን ትለያለች? አስራ ሁለቱን አፈራርቁ፣ ጥንዱን ለ13 እና ለ14 ቆጥቡ። ስንኙንም አሳጥሩ፤ ከረዘመ ሁለተኛው ቤት ሲመጣ ጆሮ የመጀመሪያውን ረስቶታል።

የቀረችው «እኛን አያውቁንም ነበር» የምትለዋ ናት። ያወቁትን ያህል ፈጥረውብናል። ጣሊያናዊው ገጣሚ አሪዮስቶ ሴናፖ የሚባል ዓይነ ስውር የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት አለው፤ ማዕዱን ክንፋም አውሬዎች ይነጥቁታል። ሌላው ጣሊያናዊ ታሶ በ1581 በታተመው ረጅም ግጥሙ ተዋጊዋን ክሎሪንዳን የኢትዮጵያ ንግሥት ልጅ አድርጓታል፤ ጥቁሯ እናት ነጭ ልጅ የወለደችው ቅዱስ ጊዮርጊስ ነጯን ልጃገረድ ከዘንዶ ሲያድን የሚያሳይ ሥዕል ክፍሏ ውስጥ ስለነበር ነው ይለናል። ፖርቹጋላዊው ካሞይንሽ ግን በ1572ቱ መጽሐፉ፣ በአሥረኛው ክፍል፣ እውነተኛ ሰው አስገብቷል፦ በ1542 እዚህ አገር ከግራኝ ጦር ጋር ተዋግቶ፣ ተማርኮ የተገደለውን የመርከበኛውን የቫስኮ ዳ ጋማን ልጅ ክሪስቶቮን።